ከደቂቃው በፊት

«ስጪው በቃ» አለ ራውኖ፣ መሪውን በጣቶቹ እየደበደበ። ጎኑ ተቀምጣ መንገዱን የምታነብለት ቱያ ግን የመድረሻ ደቂቃቸው የሚመዘገብበትን የሰዓት ካርድ ይዛ ሰዓቱ ላይ አፍጥጣለች። በፊንላንድ የዩቫስኩላ ጫካ ከሚካሄደው የመኪና እሽቅድምድም የቀራቸው አንድ ዙር ብቻ ነበር። እዚህ ሦስተኛ ከወጡ ራውኖ በዓመቱ ድምር ነጥብ ከአውሮፓ ሾፌሮች አንደኛ ይሆናል፤ ካርዱ ከተመደበላቸው ደቂቃ ቀድሞ ከመስኮቱ ውጭ በቆመው ዳኛ እጅ ከገባ ግን ይቀጣሉ፣ አንደኝነቱም ያመልጠዋል።

«ሃያ ሰከንድ ይቀራል።»

«አንቺ ምን ቸገረሽ? በተሰበረ ጎድኔ ላይ ተረማምደሽ አንደኛ ወጥተሻል።»

እውነቱን ነበር። የመንገድ አንባቢዎች ደረጃ ከሾፌሮቹ ለብቻው ነው፤ እሱ በተኛበት ወር ለአንድ ኢስቶኒያዊ ሾፌር እያነበበች ያገኘችው ነጥብ ማንም የማይደርስባት አድርጓታል።

ራውኖ ድንገት ካርዱን ነጠቀና በፊቷ አሻግሮ ወደ መስኮቷ ዘረጋው። ዳኛው ሊቀበል እጁን ሰደደ። ቱያ የራውኖን አንጓ ጨምድዳ ያዘች። ብትለቀው ማንም እንደማይወቅሳት ታወቃት፤ መልቀቅ እንደምትፈልግም ታወቃት። ደቂቃው ሲዞር ጣቶቿን አላላች፤ ዳኛውም ካርዱን ተቀበለ።

«ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የጨመደድሽኝ?» አላት አንጓውን እያሻሸ።

«ልለቅህ ነበር» አለችው፣ የማስታወሻዋን የመጀመሪያ ገጽ እየገለጠች።