በገዛኸኝ ስም የተገኘው ቤት

ገዛኸኝ ለልጁ ቀለብ እንዲቆርጥ ከተፈረደበት ሁለት ዓመት ሞላው። ሥራውን ለቅቆ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። የልጅቷ እናት ግን ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ አልራቀችም፤ በመጨረሻ በስሙ የተመዘገበ ንብረት ተፈልጎ ለቀለቡ መያዣ እንዲሆን ታዘዘላት።

«አንድ ቤት ተገኝቷል» አላት የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛው። «ካርታው በስሙ የዞረው አምና ነው።»

ለካስ ቤት ደብቆ ነው የነፈገን ብላ እየረገመችው ሠራተኛውን ተከተለች። ከአስፋልቱ ወርደው ወደ ጠባቡ መንገድ ሲታጠፉ ግን እርምጃዋን ገታች። የቆርቆሮ በሩን በደንብ ታውቀዋለች።

በሩን የከፈቱት የገዛኸኝ እናት፣ እትዬ አልጣሽ ናቸው። እሷ ሥራ ስትውል ልጅቷን የሚይዙላት እሳቸው ነበሩ።

«ምነው በደህና? ልጅቷ እኮ ገና አሁን ተኛች።»

«ቤቱ የማን ነው እናቴ?» አላቸው ሠራተኛው።

«የኔ ነዋ! ከሟቹ ባሌ ጋር ጭቃ ረግጠን የሠራነው። አምና ገዛኸኝ መጥቶ ‹ግብሩን እኔ ልጨርስልሽ› ብሎ አስፈርሞኛል፤ እግዜር ይስጠው።»

የልጅቷ እናት የሠራተኛውን ክንድ ያዘች። «ተወው በቃ፣ እንመለስ።»

«ትእዛዙ ወጥቷል እህቴ፤ መዝገቡ ላይ ያለው የሱ ስም ነው» አለና የእግዱን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ።

አሮጊቷ ተጠግተው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ዓይኔ እንደሆነ አያይልኝም። እስቲ አንብቢልኝ ልጄ፣ ምን ይላል?»