የአቶ ይልቃል ቆጣሪ

አቶ ይልቃል ቧንቧ ሠራተኛውን የሰደቡት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ በእድር ስብሰባ ላይ ነው። «አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ቧንቧ ሠራተኛም ሐሳብ አለኝ ይላል?» ብለው ሰው አሳቁበት። ሳቁ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ስለዚህ «ቤቴ ውስጥ ውሃ ይፈስሳል፤ የት እንደሆነ የሚያገኝ ጠፋ» ብለው ሲልኩበት፣ አንድ ቀን እንኳ አላሳደረም። አግኝቶ አፋቸውን ሊያስይዛቸው ነው።

የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ይዞራል። የውሃ ድምፅ የሚያዳምጥበትን ብረት ግድግዳው ላይ ደግፎ ጆሮውን ለጠፈበት። ድምፁን እየተከተለ ጓሮ ካለችው ክፍል ደረሰ። ክፍሏ ልጃቸው ናሁሰናይ ከሞተ ወዲህ እንደተቆለፈች ናት። ቁልፉ ከእናትየው ከእትዬ ሙላቷ አንገት አይወርድም፤ ከእሱ በፊት የመጡት ባለሙያዎች ሁሉ ከደጇ ተመልሰዋል።

ዛሬ ግን በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረገው።

መታጠቢያው ውስጥ ውሃው ቀስ ብሎ ይወርዳል። እትዬ ሙላቷ የታጠፈ ፎጣ ታቅፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል።

«እንዳትዘጋበት ልጄ» አሉት ሳይዞሩ፣ በሹክሹክታ። «ናሁዬ እየታጠበ ነው። ሲጨርስ እኔው እዘጋዋለሁ።»

በሩን መልሶ ገርበብ አደረገው።

አቶ ይልቃል ከጎረቤታቸው ጋር በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

«እህሳ፣ አንተም አቃተህ?» አሉት። ጎረቤትየው ሳቀ። «እኔ ድሮም ነግሬሃለሁ፤ ይሄ ሰው ወሬ እንጂ ሥራ አያውቅም» አሉት አቶ ይልቃል ወደ ጎረቤታቸው ዞረው።

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። እሱ ግን ብረቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተና በበሩ ወጣ።