የትንሽ እግር ዱካ

የረሳችውን ቁልፍ ልትወስድ ከደረጃው ተመልሳ ስትገባ፣ ባሏ የዮጋ ምንጣፉን በጥድፊያ እየጠቀለለ ነበር። የሆነ ነገር ሸተታት። ሩጫ ከጀመረ ገና ወሩ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን አንዴ ይዞርና ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ተመልሶ፣ "አሁን ደግሞ ጅማቴን በዮጋ ላፍታታ" ይላል። እሷ ቤት እያለች ግን ምንጣፉን ዘርግቶት አያውቅም።

"እስቲ ዘርጋው" አለችው።

"ምን ያደርግልሻል? ሥራ ይረፍድብሻል እኮ።"

መንጭቃ ዘረጋችው። ከሰፊው የባሏ እግር ዱካ አጠገብ፣ በቫዝሊን የሚያብለጨልጭ የትንሽ እግር ዱካ ታትሟል። ጫማዋን አውልቃ የራሷን እግር ጎኑ አስቀመጠች፤ የእሷ በለጠ።

"ማናት?"

"አንቺ ደግሞ፣ የምን ማናት ነው?"

"እናቴ እዚያ ክፍል ተኝታ እያለች!" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ወድቃ ከተሰበረች ወዲህ ደግፌ ካላነሳኋት ከአልጋዋ የማትወርድ ሴት ባለችበት ቤት፣ ሌላ ሴት ታስገባለህ?"

 ባሏ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ዓይኑን ወደ ውስጠኛው ክፍል ወረወረ። እሷም ዞረች። በሩ ቀስ ብሎ ገርበብ አለና፣ ማታ በገዛ እጇ ቫዝሊን የቀባችው እግር ብቅ አለ፤ መሬቱን ረገጠ፤ ጸና። ከበሩ ጀርባ የእናቷ ሹክሹክታ ተከተለ፦

"አንተ ልጅ፣ ወጣችልን?"