የረድኤት ዘውድ

በየልጁ ጥርስ ላይ የተተከለችው፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል የካሜራ ዓይን ትናንት የታኘከውን ሁሉ ጠዋት ጠዋት በክፍሉ ግድግዳ ላይ ታሳያለች። ጨዋታው ይኸው ነው፤ ከረሜላ የበላ ጥርሱ ላይ ትል ይሳልበታል፣ ከሁሉ ይበልጥ ጥርሱ የጸዳው ዘውድ ይደፋል።

ዛሬም ዘውዱን ረድኤት ደፋች። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ መምህርት አስካለች ግን መቆሚያ መቀመጫ አጣች። በረድኤት ጥርስ ላይ ትል ቀርቶ የሽሮ ምልክት እንኳ የለም፤ ትናንትም አልነበረም። ቤታቸው የሚበላ ጠፍቶ ይሆን?

በእረፍት ሰዓት ረድኤትን ለብቻዋ ጠርታ የራሷን ምሳ ዕቃ ከፈተችላት።

"ብዪ የኔ ልጅ።"

ረድኤት ምራቋን ዋጠች፤ ከዚያ አፏን በመዳፏ ከደነች።

"ቲቸር፣ እራቴንም እኮ ለወንድሜ ነው የሰጠሁት። ከበላሁ ዘውዴን ሌላ ሰው ይወስድብኛል።"