የንጉሡ ሠ

ከልጄ ከትርሲት የምርቃት ፎቶ ሥር «ኮምፒውተር ሳይንስ» የሚል ጽሑፍ ነበር። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። ዛሬ ጠዋት አቧራውን ስወለውል ጽሑፉ የለም። ቀጣሪዎች የተዉት ዲግሪ ከሥራ መዝገብም ከየቤቱ ፎቶም በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሕጉ ነው።

«ጠፋ እንዴ?» አለች ትርሲት ከአልጋዋ ሳትነሳ። «በቃ፣ ከሥራ ወጥቻለሁ ማለት ነው።»

«ሶፍትዌር ምህንድስናሽን አጥፍተው ይኼን ተማሪ ያሉሽ እነሱ አይደሉም?»

«አሁን ደግሞ ሶፍትዌሩ ይሻላል ብለዋል። እንደገና ልመዝገብ እንዴ እማዬ?»

ደሜ ፈላ። «ስንት ጊዜ ትመረቂላቸው? አንቺ ልጄ ነሽ ወይስ የነሱ ጥቁር ሰሌዳ?»

ከምድጃው ከሰል አነሳሁና ከፎቶው ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልልቁ «ኮምፒውተር ሣይንስ» ብዬ ጻፍኩ።

ትርሲት ተነሥታ መጣችና አየችው። ሳቋ መጣ፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል።

«እማዬ፣ ሳይንስ እኮ በእሳቱ ሰ ነው። አንቺ በንጉሡ ነው የጻፍሽው።»

«በንጉሡ ይሁን! ማጥፋት የፈለገ ቀጣሪ እቤቴ ይምጣና፣ እኔ ፊቱ ቆሜ፣ በገዛ እጁ ይጥረገው።»