ለጥያቄ የተተወ ጊዜ

ሁለተኛው ስላይድ ማንም ሳይነካው አለፈ። የውሃ መርማሪዋ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች፤ ሦስተኛውም በገዛ ፈቃዱ መጣ።

«ቀስ በይ፣ ልጄ፣ የሚያባርርሽ የለም» አሉ የቦርዱ ሰብሳቢ የታሸገ ውሃቸውን እየከፈቱ።

እኔ አይደለሁም ማለት የልጅ ሰበብ መሰላት። የምርመራ ክፍሉ ዛሬ ይዘጋል ወይ ይተርፋል። ከተዘጋ ናሙናው ሌላ ከተማ ይላካል፤ ውጤቱ ሲመለስ ውሃው ከተጠጣ ሰንብቷል። ይህን እንድታስረዳ አሥር ደቂቃ ተሰጥቷታል። ስላይዶቹን የሠሩት የክፍሉ ኃላፊ፣ እሷ ጋሼ የምትላቸው፣ ከሞቱ ሦስት ሳምንታቸው ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ተጠጋት። «ሰውየው ሲለማመዱ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የቆዩበት ሰዓት ፋይሉ ላይ ተቀምጧል» አላት በሹክሹክታ። «ሙሉ ስክሪን ስታደርጊው በፈጠኑበት ይፈጥናል፣ በዘገዩበት ይዘገያል። ላጥፋልሽ?»

«ተወው።»

ከዚያ በኋላ እግር በእግር መከተል ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ራእይ የሰፈረበት ገጽ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልቆየም፤ ጋሼ «ራእይ ለነቢይ ነው፣ ለእኛ ንጹሕ ውሃ ይበቃናል» ይሉ ነበር። የጉድጓዶቹ ሰንጠረዥ ላይ ግን ቀጥ አለ። የምትለውን ብላ ጨረሰች፤ ንቅንቅ የለም።

«ተበላሸ እንዴ?» አሉ የአስተዳደር ኃላፊው ከስልካቸው ቀና ሳይሉ።

አንድ ቁልፍ ብትነካ ያልፋል። ጋሼ ሲለማመዱ እዚህ ላይ ሳል ይዟቸው ይሆናል ብላ አሰበች። አልነካችም። ዝም ከማለት ብላ ሰንጠረዡን ከላይ ጀምራ አነበበች፤ ጉድጓዶቹን በየስማቸው፣ የሚጠጣቸውን ሰው ቁጥር እየጠራች፣ አንድም ሳትዘል። የመጨረሻውን እንደጠራች ገጹ ተቀየረ። ለካ አላሳላቸውም፤ እሳቸውም አንድ በአንድ ጠርተዋቸው ነበር።

ከዚያ እስከ መጨረሻው ከገጾቹ ጋር እኩል ሄደች። «አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ?» የሚለው ገጽ መጣ።

ሰብሳቢው ግራና ቀኝ አዩ። የአስተዳደር ኃላፊው ማኅደራቸውን ዘጉ። «ግልጽ ነው» አሉ። በዚህ የስብሰባ ክፍል አንድ ነገር ግልጽ ከተባለ አለቀለት።

«ነፍሳቸውን ይማር፣ ትጉህ ሰው ነበሩ» አሉ ሰብሳቢው። «ክፍሉን በተመለከተ ግን እንዲዘጋ ባለፈው የተነጋገርነው ይጽና። ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ። እሱን አንሡልን።»

ባለሙያው ገመዱን ሊነቅል እጁን ሰደደ። እጁን ያዘችው።

ቦርዱ ስለ መኪና ማቆሚያ መነጋገር ጀመረ። ገጹ እንደቆመ ነው። አንድ ደቂቃ ሆነ፤ ሁለት። ጋሼ ሲለማመዱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ቆመው፣ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብለው ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቀዋል።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ጠቆረ።