የተሰረየው ኃጢአት

ልብስ ሰፊዋ መናዘዣው ውስጥ ተንበርክካ፣ መርፌ የወጋጋቸውን ጣቶቿን በቄሱና በእሷ መካከል ባለው የእንጨት ፍርግርግ ላይ አሳረፈች። «አባ፣ እህቴ በሬን ስታንኳኳ እያየኋት አልከፈትኩላትም» አለች። ተኳርፈው ነበር። በመጋረጃው ጥግ አጮልቃ ስታያት፣ ዝናቡ ልብሷን ከገላዋ አጣብቆት በመዳፏ ቀስ እያለች በሩን ትመታ ነበር። «እስቲ ትንሽ ትቅመሰው ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። በሳምንቱ ታማ ሞተችብኝ።»

ቄሱ ድምፅዋን ለይተውታል። «ልጄ፣ ይህንን አምናም ነግረሽኛል፤ ዘንድሮም ለፋሲካ ደግመሽዋል። እግዚአብሔር አንዴ ይቅር ያለውን መልሶ አያነሳም። ኃጢአትሽ ተሰርዮልሻል። አታምኚም?»

«አምናለሁ አባ። እሱስ ይቅር ብሎኛል።» ጣቶቿ ፍርግርጉን ጨበጡ። «ግን ቤት ውስጥ ስሟን ሳነሳ ባሌ ‹ተይ፣ ቁስልሽን አትነካኪ› ይለኛል። ጎረቤቶቼም የእሷ ነገር ሲነሳ ወሬ ይቀይራሉ። ስለ እሷ የማወራበት ሌላ ቦታ አጣሁ። ኃጢአቴን ይዤ ስመጣ ግን እርስዎ ይሰሙኛል።»

ቄሱ ለቡራኬ ያነሡትን እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሳል ይሰማል። ቄሱ ግን አልቸኮሉም፤ ወደ ፍርግርጉ ጠጋ ብለው፣ «ታላቅሽ ናት ታናሽሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ታናሼ ናት» አለች። «ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እጇን...» ብላ ጀመረች፤ እንባዋ ቀደማት። ቄሱም እስክትቀጥል ጠበቋት።